የሒሳብ ወንፈል

ስህተት አይቼ ዝም ማለት አልችልም፤ ተፈጥሮዬ ነው። አንድ ጊዜ የሠርግ መጥሪያ ወረቀት ደርሶኝ ዕለቱና ቀኑ አልገጥም ቢለኝ በቀይ እስክሪብቶ አርሜ ለሙሽራው አባት መልሼለታለሁ። ሠርጉ ላይ ጥግ አስቀምጠውኝ ምግብ የደረሰኝ በመጨረሻ ነው። እዚህ መካነ ሰላም ሃያ ስድስት ዓመት ሒሳብ ሳስተምር ተማሪዎቼ ስለ ቁጣዬ የሚያወሩትን አውቃለሁ፤ አብዛኛው እውነት ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለች ሴት ስለ ራሷ ስህተት መጻፍ ምን ያህል እንደሚተናነቃት ገምቱ።

ባለፈው ሚያዝያ ስድስት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች «ቲቸር የሺእመቤት፣ ለብሔራዊ ፈተናው ሒሳብ ይከልሱልን» ብለው መጡ። መጀመሪያ ፈተንኳቸውና ወረቀታቸውን ሳርም ራሴን ያዝኩ። ሁሉም ጎድሏቸዋል፤ የጎደላቸው ግን አንድ ዓይነት አይደለም። በእነዚያ ክፉ ዓመታት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሲከፈት የኖረው በየአካባቢው በተለያየ ወር ስለነበር እያንዳንዱ ልጅ የየራሱን ምዕራፍ ዘሏል። ከአጅባር የመጣችው ሀሊማ ሎጋሪዝምን በስም ብቻ ነው የምታውቀው። ኩታበር አክስቱ ዘንድ ሲማር የቆየው ፈንታው ፕሮባቢሊቲ የሚባል ነገር አልደረሰውም። የአናጢው ልጅ ሳዲቅ ሴኩዌንስ ላይ ሲደርስ ላብ ያጠምቀዋል። መንትዮቹ ወንድማማቾች ደግሞ ጉድለታቸውም መንታ ነው። ለአንዱ ብዬ ሳስረዳ አምስቱ ያዛጋሉ።

እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ። አባቴ አጨዳ ሲደርስ ብቻውን አይወጣም ነበር፤ ወንፈል ይገባል። ዛሬ ሁሉም ወጥቶ የአንዱን ማሳ ያጭዳል፣ ነገ የሌላውን። የታጨደለት ሰው ደግሞ በየተራው ወጥቶ ጉልበቱን ይመልሳል። «እኛም እንዲሁ እናድርግ» አልኳቸው። «የእያንዳንዳችሁ ጉድለት አንድ ማሳ ነው። በአንድ ቀን የአንድ ሰው ማሳ እንይዛለን። የሚያውቅ ያሳያል፣ የማያውቅ ይጠይቃል፣ እኔ እቆጣለሁ።»

«ቲቸር፣ ወንፈል ላይ እኮ ባለማሳው ያበላል» አለ ሳዲቅ፣ ለሆዱ የማይተኛው።

«እውነትህን ነው» አልኩና እዚያው ሕግ አወጣሁ፦ ባለቀኑ ቆሎ ይዞ ይመጣል። ቆሎ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ በጾምም በፍስክም የሚበላው ነው። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ቦታ የሰጠን የሳዲቅ አባት ጋሽ ሙሐሲን ነው። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ከአሥር ሰዓት በኋላ መጋዙን ያቆምልናል። ኮምፔንሳቶ ግድግዳው ላይ አስደግፈን በጠመኔ እንጽፋለን፤ ሳንቃ ላይ እንቀመጣለን። ሁልጊዜ የምንጀምረው በአንድ ጥያቄ ነው፦ «ዛሬ የማን ማሳ ነው?» ባለቀኑ «የእኔ!» ይልና ቆሎውን ሰፌድ ላይ ያፈሰዋል። ከዚያ ይከቡታል። አምስት ልጅ አንድን ልጅ ሲያስረዳ ማየት ያስቃል፤ እንደኔ ለመቆጣት ይሞክራሉ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ሀሊማ ሎጋሪዝምን እንደ ስሟ ያዘችው።

ስድስተኛዋ ሐረግ ናት። የሁለት ሰዓት መንገድ ከሚያስኬድ ቀበሌ መጥታ ከሁለት ልጆች ጋር ቤት ተከራይታ የምትማር፣ ድምፅዋ ከአፏ የማይወጣ ልጅ ነበረች። አባቷ ሞቷል፤ እናቷ የሻለም ብቻዋን ናት። ሐረግ ፈተናውን ካለፈች ዩኒቨርሲቲ ትገባለች፣ ካላለፈች ዓረብ አገር ትሄዳለች። አክስቷ ጅዳ ላይ የቤት ሠራተኛ ሥራ አግኝታላታለች፤ ፓስፖርቱም ወጥቷል። ይህን የነገረችኝ ስለ ገበያ ቀን እንደሚያወራ ሰው ነው። «ከሁለቱ በአንዱ ለእናቴ መድረስ አለብኝ ቲቸር» አለችኝ።

በሌላው ሰው ማሳ ላይ እንደ እሷ የሚሠራ አልነበረም። ለፈንታው ፕሮባቢሊቲን በባቄላና በሽምብራ ያስረዳችው እሷ ናት። ተራዋ ሲደርስ ግን «የእኔን ቀን ለፈንታው ስጡልኝ» አለች። ሁለተኛ ዙር ላይም «ለሀሊማ ይሁንላት» አለች። በሦስተኛው ትዕግሥቴ አለቀ።

«ምነው ሐረግ፣ የአንቺ ማሳ አረም የሚባል አያውቀውም? ወይስ እኛ ለማሳሽ አንመጥንም?»

ልጆቹ ሳቁ። እሷም ፈገግ አለችና አንገቷን ደፋች። ኩራት ነው ብዬ ፈረድኩባት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ እኔ ግን ያን ቀን ወለም ማለቴንም አላወቅኩም።

ሰኔ መጀመሪያ ላይ ስድሳ አምስት ጥያቄ ያለው የሙከራ ፈተና ሰጠኋቸው። የሐረግን ወረቀት ሳርም እጄ ቆመ። ዘጠኝ የትሪጎኖሜትሪ ጥያቄዎች ነበሩ፤ የዘጠኙም መልስ ሲ ነው። ሲ፣ ሲ፣ ሲ፣ እስከ ታች ድረስ። ሁለቱ በዕድል ገጥመውላታል። ጠቅላላ ያገኘችው ሃያ ዘጠኝ ነው፤ ግማሹን ለመሙላት አራት ጥያቄ ጎድሏታል። ሌላው ትምህርቷ ለጥቂት የሚያልፍ ስለሆነ ሒሳብ ከጎተታት ሁሉም ነገር አብሮ ይወርዳል። አራት ጥያቄ የጎደላት ልጅ ሰባት ጥያቄ ሜዳ ላይ ጥላ ሄዳለች።

በማግሥቱ ከሌሎቹ ቀድማ ስትመጣ ያዝኳት። «ትሪጎኖሜትሪ አልተማርሽም?»

«አሥረኛ ክፍል ሆነን ልንጀምረው ስንል ነው ትምህርት ቤት የተዘጋው።»

«ታዲያ ቀንሽን ለምን ለሰው ትሰጫለሽ? የቀረን እኮ ሁለት ሳምንት ነው!»

መሬት መሬት አየች። «በራሴ አነበዋለሁ ቲቸር» ብላ ውኃ ልትጠጣ ወጣች።

ጋሽ ሙሐሲን ጥግ ላይ የወንበር እግር ሲልግ ሁሉንም ሰምቷል። «የሺ» አለኝ፣ «አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ኋላ እንዳትቆጪኝ። ጥቅምት ላይ ያ በረዶ የወረደው የት መሰለሽ? በእነሱ ቀበሌ ነው። በር ልገጥም ሄጄ በዓይኔ አይቻለሁ። ገብሱ እሸት እንደሆነ ድምጥማጡን ነው ያጠፋው። የሻለም ለዘር የሚሆን እንኳ አልቀራትም። ልጅቱ ቤተሰብ ጠይቃ ስትመለስ ስንቅ ይዛ አይተሻት ታውቂያለሽ?»

አይቼ አላውቅም። አላስተዋልኩም።

«እና ቆሎውን ከየት ታምጣው? ባዶ እጇን ወንፈል ትጥራ? ሀቂቃ፣ እኔም ብሆን አልጠራም።»

ሳንቃው ላይ ቁጭ አልኩ። ይህን ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ልጅ ሳለሁ እህል የከዳን ዓመት ነበር። አባቴ የሚያቀርበው ስለሌለው ወንፈል አልጠራም፤ የቀረችንን ማሳ ሦስት ሳምንት ሙሉ ብቻውን አጨደ። እናቴ «ሰው ጥራ፣ ማንም አይታዘብህም» እያለች ስትለምነው «በባዶ ቤት ሰው አይጠራም» ይላት ነበር። ግማሹ አዝመራ ረግፎ ቀረ። የዚያ ሰው ልጅ ሆኜ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ የቆሎ ሕግ አወጣሁ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው። አፈርኩ፤ አንዲት ልጅ በአንድ ሰፌድ ቆሎ የተነሳ ጅዳ ልትሄድብኝ እንደሆነ ሳስበው ደግሞ ፈራሁ።

ምን ላድርግ? ቆሎ ቆልቼ ብሰጣት አትቀበለኝም። ሕጉን ብሽረው በማን ምክንያት እንደሻርኩት ሁሉም ይገባዋል። አንድ ሐሳብ ብቻ መጣልኝ። ሐሙስ ዕለት ሁለት ኪሎ የሚሆን የስንዴ ቆሎ ይዤ ገባሁና ሰፌዱ ላይ አፈሰስኩት።

«ዛሬ የማን ማሳ ነው?» አለ ፈንታው።

«የእኔ። ትሪጎኖሜትሪ ጠፍቶብኛል። እርጅና ነው፤ አስታውሱኝ።»

እርስ በርስ ተያዩ። ሀሊማ «ትሪጎኖሜትሪ ከሚጠፋብዎ ወላሂ ስምዎ ቢጠፋብዎ ይቀላል» አለች። እኔ ግን ጠመኔውን አንስቼ ወደ ኮምፔንሳቶው ሄድኩ። አላዋቂ ለመምሰል ስህተት መጻፍ ነበረብኝ። ሳይን ሠላሳ ዲግሪ እኩል ይሆናል ሁለት ብዬ ልጽፍ ነበር። ሳይን ከአንድ አይበልጥም! በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነውር ጽፌ አላውቅም። የሁለትን አንገት ጀመርኩ።

«ቲቸር፣ ይብቃዎት።»

ሐረግ ቆማለች። ድምፅዋ እስከ በሩ ድረስ ተሰማ።

«ይኼ የእርስዎ ማሳ አይደለም፤ የእኔ ነው።» ወደ ጓደኞቿ ዞረች። «እኔ ትሪጎኖሜትሪ ምንም አላውቅም። ቀኔን ስሰጣችሁ የኖርኩት ቤታችን የሚቆላ ስለሌለ ነው። ገብሳችንን በረዶ ወስዶታል። ዛሬ ባዶ እጄን ነው የምጠራችሁ። የሚመጣ ይምጣ።»

የጋሽ ሙሐሲን መላጊያ ቆመ። እኔ የጀመርኩትን ሁለት በመዳፌ ጠረግኩት።

መጀመሪያ የተናገረው ፈንታው ነው። «በረዶ የመታው ሰው ማሳ ላይ እኮ ሰው ስንቁን ራሱ ይዞ ነው የሚወጣው። አንቺ ደግሞ ሦስት ቀን አጭደሽልኛል፤ አለብኝ።»

«አብሽሪ» አለ ሳዲቅ፣ እፍኙን ከቆሎው ሳያወጣ። «ስንቁን ቲቸር ይዘውታል። ነይ ቁጭ በይ፣ ማሳሽ ሰፊ ነው።»

ከዚያማ ማን ያቁማቸው! ጋሽ ሙሐሲን አራት ሜትር ሳንቃ አምጥቶ አንዱን ጫፍ መሬት፣ ሌላውን ሁለት ሜትር ከፍታ ላይ ግድግዳው ላይ አስደገፈው። ሳዲቅ «ቁመቱን ለርዝመቱ አካፍዪ» አላት። «ሁለት ለአራት፣ ግማሽ» አለች። «በቃ፣ ሳይን ማለት ይቺው ናት። ሳይኑ ግማሽ የሆነ ማዕዘን ሠላሳ ዲግሪ ነው።» ሐረግ ሳንቃውን ከሥር እስከ ላይ አየችው። «ይኼን ያህል ብቻ ነው እንዴ የፈራሁት?» አለችና ሳቀች። ጋሽ ሙሐሲን ደግሞ «አርባ ዓመት ጣሪያ ስሠራበት ኖሬ ስሙን ዛሬ ሰማሁት» አለ።

ሁለቱን ሳምንት በየቀኑ ተገናኘን፤ ሁሉም ቀን የሐረግ ማሳ ሆነ። ሁሉም የቤቱን ያመጣል፣ ሕግ የሚባል ነገር ቀረ። ስለ ማሳዋ አረም የተናገርኳት እዚያው ሳንቃ ላይ፣ በሁሉም ፊት ነበርና፣ እዚያው ሳንቃ ላይ፣ በሁሉም ፊት «ያን ቀን የተናገርኩሽ ስህተት ነው» አልኳት። «ታርሟል ቲቸር» አለችኝ።

ለፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚወስዳቸው አውቶቡስ ሲነሳ ስድስቱም በመስኮት እጃቸውን አውለበለቡ። እኔ «እርሳስ ይዛችኋል?» እያልኩ ጮህኩ። ሌላ የምለው ነገር ከአፌ አልወጣ ብሎኝ ነው።

ውጤት የወጣው መስከረም ላይ ነው። ሀሊማ አለፈች፣ ሳዲቅ አለፈ፣ መንትዮቹም አለፉ። ፈንታው ለጥቂት ወደቀ፤ ሒሳቡን አልፎ በእንግሊዝኛ ነው የተያዘው፣ ፊዚክሱም አላገዘውም። ሐረግ ስልኳን ይዛ ቤቴ ድረስ መጣች። አልፋለች። ሒሳብ ከመቶ ስልሳ አንድ። ሦስት ጊዜ አስነበብኳት፤ ከዚያ በሩ ላይ እንደቆመች አቅፌያት አለቀስኩ። የሻለም ፓስፖርቱን ሳጥን ውስጥ ቆልፋበታለች አለችኝ።

ኅዳር ላይ አንድ ቅዳሜ አናጢ ቤት ውስጥ ከፈንታው ጋር ሁለታችን ብቻ ነበርን። በግል እንደገና ሊፈተን እየተዘጋጀ ነው፤ ሒሳቡም እንዳይቀዘቅዝበት እየመጣ ይከልሳል። ልቡ ተሰብሮ ነበር፤ ጓደኞቹ ሁሉ ሊሄዱ ነው። በሩ ተከፈተና ሐረግ የዕቃ ኮሮጆ ተሸክማ ገባች። ወደ ተመደበችበት ዩኒቨርሲቲ የምትሄደው በሳምንቱ ነው።

«ዛሬ የማን ማሳ ነው?» አለች።

«የእኔ» አለ ፈንታው ዝግ ብሎ። «ቆሎ ግን አልያዝኩም።»

«ቆሎው ሰኔ ላይ ሳላመጣላችሁ የቀረሁት ነው፤ እናቴ ዘር ተበድራ የዘራችው ገብስ አሁን ነው የደረሰ። እስክሄድ ድረስ በየቀኑ እመጣለሁ። እንግሊዝኛውንም፣ ፊዚክሱንም አምጣው፤ ጉልበት አለብኝ።» ኮሮጆዋን ፈታችና ሰፌዱን ሞላችው። «ራሴ ነኝ የቆላሁት» አለች ወደ እኔ ዞራ። «ቅመሱልኝ እስቲ ቲቸር።»

እፍኜን ሞልቼ ቀመስኩ። ግማሹ አሯል፤ ግማሹ ደግሞ እሳት ያየውም አይመስልም። ሁለቱም ፊቴን እያዩ ይጠብቃሉ።

«ልክ ነው» አልኩ፤ ደግሜም ዘገንኩ።