አሥራ ሰባት አግድም

ለኪልሞረን ከተማ ነዋሪዎች በሙሉ፤ የዛሬው ጋዜጣ መስቀለኛ ቃላት እንቆቅልሽ፣ አሥራ ሰባት አግድም፣ እስከዚህ ሰዓት ድረስ አለመፈታቱ በታላቅ ኀዘንና በጥልቅ አክብሮት ይገለጻል።

አዋጁን ያሰማው ባለመጠጥ ቤቱ ቦስኮ ነው፤ በአንድ እጁ ሻይ፣ በሌላው ጋዜጣ ይዞ፣ ከሟቿ ግርጌ ቆሞ። ሟቿ ዲምፍና ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ፣ መቁጠሪያዋ በጣቶቿ ተጠምጥሞ፣ ሳሎኑ መሀል በተከፈተ ሣጥን ውስጥ ተጋድማለች። በሕይወት ብትኖር ኖሮ ቦስኮ አንብቦ ሳይጨርስ መልሱን ታውቀውና ለማንም ሳትናገር ጥርሷን ነክሳ ትስቅ ነበር።

«እስቲ ድገመው፣» አሉ አባ ኮለም፣ የሳንድዊች ፍርፋሪ ከካባቸው ላይ እያራገፉ።

«ሸንበቆና ብር ተጋጥመው የሠሩት፣ ገብተው የማይወጡበት ቤት። አራት ፊደል።»

«ባንክ!»

«ባንክ ሦስት ነው አባ። ቆጠራ እኮ በካህናት ማሠልጠኛ አያስተምሩም።»

«ያንተ መጠጥ ቤት ነዋ!» አለች ጎረቤቷ ኮንሴፕታ። «የኔው ሰውዬ ከገባ መች ወጥቶ ያውቃል?»

ሳሎኑ በሳቅ ተሞላ። በኪልሞረን ሬሳ ፊት መሳቅ ነውር አይደለም፤ ነውሩ ሬሳውን ብቻውን መተው ነው።

ሁሉም ዞረው ባሏን ማላኪን አዩት። ራስጌዋ ተቀምጧል። ይህን እንቆቅልሽ ከቁርስ በፊት የሚጨርሰው፣ ጨርሶም የእያንዳንዱን መልስ አመጣጥ ለከተማው የሚያስረዳው እሱ ነበር።

ማላኪ መልሱን ወዲያው አውቆታል። ሸንበቆ መቃ ነው፤ ከኋላው ብርን ቀጥልበት። ዓይኑን ወደ ሣጥኑ ጣል አደረገና፣

«አላውቅም፣» አለ።

ኮንሴፕታ ከንፈሯን መጠጠች። «ኀዘን አደነዘዘው ምስኪን።»

ሴት ልጁ ግሮንያ ግን ከንፈሯን አልመጠጠችም። ሲኒዎቹን ሰብስባ በዓይኗ ወደ ማድ ቤት ጠራችው፤ በሩንም ከኋላው ዘጋችው።

«ሐኪሙ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ አባዬ? 'ትንሽ ቀደም ብላ ብትደርስልን' አለኝ። ምን ስትሠሩ ነበር?»

«ቁርስ እየበላን።»

«ከቁርሱ በኋላስ?»

ማላኪ ሲኒዎቹን በመጠን በመጠናቸው ይደረድር ጀመር።

«እሺ፣ ምን አለች? መጨረሻ ላይ አንድ ነገር አላለችም?»

«ምንም።»

ግሮንያ የውሃውን ቧንቧ ከፍታ መልሳ ዘጋችው። «እሷን ቀብረን እስክንመለስ እጠብቅሃለሁ። ካልነገርከኝ ግን የዚህን ቤት ደጃፍ ዳግመኛ አልረግጥም። እየቀለድኩ አይደለም።»

እየቀለደች እንዳልሆነ ያውቃል። እልኳ የእናቷ ነው።

ከዲምፍና ጋር የተዋወቁት በዝናብ፣ የአውቶቡስ መጠለያ ውስጥ ነበር። እሱ ጋዜጣው ላይ አንድ ጥያቄ ይዞት ፀጉሩን ሲነጭ፣ አጠገቡ የቆመችው ልጅ ትከሻውን አልፋ አነበበች። «ሁለት ራስ ውስጥ የተደበቀ የሌሊት መደገፊያ።»

«ትራስ፣» አላት፣ ሊያስደንቃት ቸኩሎ።

«እሱማ ማንም ይገምታል። መንገዱን ንገረኝ።»

መንገዱን አላወቀውም። ጓንቷን አውልቃ በጣቷ አሳየችው፤ የ«ሁለት» መጨረሻና የ«ራስ» ሁለት ፊደል፣ ተራ በተራ፣ በግልጽ፣ ዓይኑ ሥር ተቀምጠው ነበር። «ትልልቅ ነገር ሁሌም የሚደበቀው እንዲህ ነው፣» አለችው። አውቶቡሱ አመለጣቸው።

ከተጋቡ ወዲህ ቤታቸው ቀጥተኛ ንግግር አላየም። ዲምፍና ጨው ስትፈልግ «ጨው አቀብለኝ» አትልም፤ ጥያቄ ትሠራለታለች። ማርገዟን የነገረችው በአሥር ቃል ጥያቄ ነበር፤ ለመፍታት ሁለት ቀን ፈጀበት፣ በሁለቱም ቀን የከንፈሯ ጥግ ሳቅ አፍኖ ተጣሞ ሰነበተ። ሕጉ አንድ ነው፦ መልስ ብቻ ይዞ መምጣት አይቆጠርም፤ እንዴት እንደደረሰበት ማስረዳት አለበት። እሷም ብትሆን ተስፋ ቆርጦ እስኪለምናት ድረስ አትነግረውም። እሱ ደግሞ መለመን ሞቱ ነው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሰዉ ለጸሎት ተንበረከከ። አባ ኮለም ይመራሉ፣ ሌላው ይቀበላል። ቦስኮ «አሁንም በሞታችንም ሰዓት» ካለ በኋላ ድምፁ ተቋረጠ። ሣጥኑን አየ። ፊቱ ቀላ። ጋዜጣውን ከጎኑ አነሣና አጣጥፎ፣ እንደገናም አጣጥፎ፣ እንደ ሰረቀው ዕቃ ኮቱ ውስጥ ሸጎጠው። ከዚያ በኋላ ስለ አሥራ ሰባት አግድም ያነሣ ሰው የለም።

ማላኪ ተንበርክኮ ነበር፤ ግን አልጸለየም። ያ ጠዋት እንደገና መጥቶበት ነበር።

ዲምፍና ዳቦዋ ላይ ቅቤ እየቀባች ሳለ ቀና ብላ፣ «ወንበሩ ማክሰኞ ይፈላል፣» አለችው።

ቢላውን አስቀመጠ። ደስ አለው። ሰሞኑን ደክሟት ጥያቄ ካቀረበችለት ቆይታ ነበር።

«ድገሚልኝ።»

«ወንበሩ... ማክሰኞ... በእርጥብ መስኮት፣ ማላኪ።» የከንፈሯ ጥግ ተጣመመ። እሱም ሳቋን እንዳፈነች ቆጠረው፤ ያቺን የከንፈር ጥግ ከዚህ ዓለም ሁሉ አስበልጦ ያውቃት ነበርና። እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደ። የመጀመሪያ ፊደሎቹን ሰበሰበ። ከኋላ ወደ ፊት አነበበ። በታተነ፣ ገጠመ። እሷ ሌላ ቃል ጨመረች፣ ሌላም፤ ፍጥነቷ በረታ፣ ዓይኖቿ ዓይኑ ላይ ተተክለው ቀሩ።

«ቆይ፣ ቆይ!» አላት እየሳቀ። «እንዳትነግሪኝ! ልደርስበት ነው!»

ዲምፍናም ሕጉን አክብራ እንደሆነ እንጃ፣ ዝም አለች።

እሱ ሥራውን ቀጠለ። ሻዩ ቀዘቀዘ። ጎረቤት ቤት ሬዲዮ ዜና ጨርሶ ሙዚቃ ጀመረ። በመጨረሻ «እሺ፣ ለመንኩሽ!» ብሎ፣ በዕድሜው ሙሉ ሊል የሚጠላውን ቃል ብሎ፣ ቀና ሲል፣ ቀኝ እጇ ከጠረጴዛው ወርዶ ተንጠልጥሏል። ዓይኖቿ ግን አሁንም እሱን ይለምኑ ነበር።

ይህን ለማን ይነግራል? እናትሽ አንደበቷ ተሳስሮ «ድረስልኝ» ስትል እኔ እየሳቅሁ ፊደል እቆጥር ነበር ይበላት? ከዚያ በኋላ ግሮንያ እናቷን ባሰበች ቁጥር የምታየው ያቺን ነው፤ ባሏ ፊት ለፊት ተቀምጣ፣ ባሏን የምትጣራ ሴት።

በሦስተኛው ጠዋት ዝናቡ አባራ። ሰዉ ደጅ ወጥቶ ለአጀብ ተሰለፈ። ሳሎኑ ውስጥ የቀሩት አባትና ልጅ፣ አባ ኮለምና የሣጥኑን ክዳን የያዙ ሁለት ሰዎች ነበሩ።

«ይበቃናል ማላኪ፣» አሉ አባ ኮለም በለሆሳስ።

«ቆዩ።»

አጎነበሰ። መቁጠሪያውን ከዲምፍና ጣቶች ቀስ ብሎ ፈታው። ቀኝ እጇን በሁለት መዳፉ መሀል አድርጎ ያሸው ጀመር፤ ከጣቶቿ ጫፍ እስከ ክርኗ፣ እንደገና ከጣቶቿ ጫፍ፣ ደም እንዲመለስበት አጥብቆ፣ ከበረዶ የገባን ሰው እንደሚያሞቁ። ክዳኑን የያዙት ሰዎች ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። እሱ ግን አላቆመም፤ ግንባሩን አላበው።

«አባዬ፣» አለች ግሮንያ። «ምን እያደረግህ ነው? ለምንድን ነው እጇን እንዲህ የምታሸው?»

«አልናገርም።»

«ለእኔ ብቻ። እነሱ ይውጡልን። ለእኔ ብቻ ንገረኝ።»

«ላንቺም አልናገርም፣» አለ ማላኪ።