ልጁ አሚን እስኪል

ሰብሌ አለኸኝን አግብታ ከመጣች ጀምሮ በመንደሩ ያልበላችው የምርቃት ገንፎ የለም። የበላችው ግን ሁልጊዜ በር አጠገብ ሆና ነው። በዚያ አገር አንዲት ሴት ሆዷ ገፍቶ ስምንተኛ ወሯን ስትይዝ፣ ጎረቤቶቿ እስላም ክርስቲያን ሳይባል ሐሙስ ቀን ይሰበሰባሉ። ዱቄቱን ከየቤቱ፣ ቅቤውን ከየጓዳው አውጥተው ገንፎ ያገነፉላታል፤ መደብ ላይ አስቀምጠው ይመርቋታል። የወለዱት ሴቶች መደቡን ከበው ይቀመጣሉ። ያልወለደች ሆዱን ቀርባ እንዳታየው በሩ ጋ ትደረጋለች፤ ውሃ የምትቀዳው፣ እጅ የምታስታጥበውም እሷ ናት። ክፉ የሚናገራት የለም። ቦታዋን ግን ሁሉም ያውቀዋል።

ክፉ የሚናገራት የለም የተባለው ከቤት ውጭ ነው። አማቷ የኔአለም ምላሷ ስለት ነበር። አንድ ጊዜ የመከነች ላሟን ለገበያ ስትነዳ ሰብሌን ከወንዝ ስትመለስ አገኘቻትና፣ «ይህቺስ ገበያ አላት» ብላት አለፈች። ሰብሌ ጀሪካኗን እንደተሸከመች መንገዱ ዳር ቆማ ላሚቱ ጥግ እስክትዞር አየቻት።

በሰባተኛው ዓመት ሰብሌ አረገዘች። ከዚያ ወዲህ ጀሪካን የሚያስነካት ጠፋ። የኔአለም ማለዳ ተነስታ ራሷ ታልባለች፤ ቅቤውን ለገበያ ከማውጣት ይልቅ ታጠራቅማለች። አንድ ቀን ሰብሌ ምጣድ ልትጥድ ጎንበስ ብትል «ተይ ልጄ» አለቻት። ልጄ ብላት አታውቅም ነበር። ሰብሌ ጓዳ ገብታ ይህችን ቃል ለብቻዋ ደጋግማ አለቻት። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ያለው ሁለተኛው ሐሙስ ለምርቃቱ ተቆረጠ።

በዚያው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት ልጁ ዝም አለ።

ሁልጊዜ ገና ሳይነጋ በቀኝ ጎኗ በኩል እየረገጠ የሚቀሰቅሳት እሱ ነበር። ያን ቀን የቀሰቀሳት ዶሮ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ጠጣች፤ በግራ ጎኗ ተኛች፤ ሆዷን በጣቷ ነካ ነካ አደረገች። የጤና ኤክስቴንሽኗ በወሩ ስብሰባ ላይ እርግጫው ከቀነሰባችሁ ግማሽ ቀን አትቆዩ፣ ወደ መካነ ሰላም ሐኪም ቤት ውረዱ ማለቷን ታስታውሳለች። መካነ ሰላም በበቅሎና በመኪና የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። ማክሰኞ መሸ።

ረቡዕ ለአማቷ ነገረቻት። የኔአለም የገብሱን ዱቄት እየነፋች ነበር፤ ወንፊቱን አላቆመችም። የገፋ ሆድ ዝም ይላል አለች፤ ወንድ ልጅ ሊመጣ ሲል ያደፍጣል፤ አለኸኝም እንዲሁ አድፍጦባት ነበር። ደግሞስ ከወንዙ ማዶ ሳይቀር አርባ ሴት ተጠርቶ፣ ዱቄቱ ተፈጭቶ፣ ባለድግሷ ሐኪም ቤት ሄዳለች ሲባል ሰው ምን ይላል? የሰብሌ ሆድ ድሮም የተጠቀለለ ልብስ ነበር ይላል። ከዚያ ወንፊቱን አስቀመጠችና ድምጿን አለሰለሰች።

«ነገ እኮ እማ ወርቄ እጃቸውን ያሳርፉበታል። እሳቸው እጅ ላይ ዝም ያለ ልጅ አለ?»

ያስቀራት ግን አማቷ ብቻ አልነበረችም። አለኸኝ እዚያው ግቢ ውስጥ በቅሎዋን እያበላ ነበር፤ አንድ ቃል ብትለው ይጭናት ነበር። አላለችውም። ስድስት ዓመት ከበሩ ሆና ያየችውን መደብ ፈልጋዋለች። አንድ ቀን ብቻ፣ ነገ ብቻ ተቀምጣበት፣ በማግስቱ እሄዳለሁ አለች።

እማ ወርቄ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው። ግማሹን መንደር ያዋለዱት እሳቸው ናቸው። ወሊድ በጤና ጣቢያ ይሁን ከተባለ ወዲህ ለእጃቸው የቀረው ሥራ ምርቃቱ ብቻ ነው። መዳፋቸውን ቅቤ ቀብተው ሆዱ ላይ ያሳርፉና ይጠብቃሉ። ቤቱ በሙሉ አብሮ ይጠብቃል፤ ማንኪያ የሚያነሳ የለም። ልጁ ሲረግጥ «ረገጠ» ይላሉ፤ ያን ጊዜ ሁሉም አሚን ብሎ ይመርቃል፣ ገንፎውም ይበላል። ልጁ አሚን ሳይል ሰው አሚን አይልም ነው ደንቡ።

ሐሙስ ቤቱ ሞላ። እያንዳንዷ ሴት ሳህኗን፣ ድስቷን ይዛ መጣች፤ እማ ወርቄም ገንፎው የሚገላበጥበትን ትልቁን የእንጨት ገበታቸውን አስይዘው መጡ። ሰብሌን አዲስ ነጠላ አልብሰው መደቡ ላይ አወጧት። በሩ አጠገብ ባለፈው ዓመት አግብታ የመጣችው የደሳለው ሚስት ማስታጠቢያ ይዛ ተቀምጣለች። ሰብሌ ያቺን ልጅ ላለማየት ፊቷን መለሰች።

ጎረቤቷ ፈውዚያ የአምስት ልጆች እናት ናት፤ አፏ አያርፍም። አለኸኝ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲያርስ ከርሞ ዘር መያዝ የረሳው መስሏት እንደነበር ተናገረች። ሴቶቹ ሳቁ። አንዷ በሬውም ሰንፎ ይሆናል ብላ ጨመረች፤ ሳቁ እንደገና ተነሳ። የኔአለም ራሷ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ተንፈቀፈቀች። ሰብሌም ሳቀች። ስትስቅ ሆዷ ተነቃነቀና ልቧ ቀጥ አለ፤ ግን ሳቁ ነው እንጂ ልጁ አልነበረም።

ገንፎው ወጣ፤ መሃሉ ላይ ቅቤው ተንጣለለ። እማ ወርቄ ተነሱ። ቤቱ ጸጥ አለ።

እጃቸው ሞቃትና ከባድ ነበር። መጀመሪያ ከእምብርቷ በላይ አሳረፉት። ቆዩ። ወደ ቀኝ ጎኗ ወሰዱት፤ ጫን አደረጉ። ደግሞ ቆዩ። አንዲት ሴት አሳለች። ሰብሌ ዓይኗን ከእጃቸው አንስታ ፊታቸውን አየች፤ እሳቸውም ቀና ብለው አዩዋት። የቅቤው ዳር ዳር መርጋት ጀምሯል። የኔአለም ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

«ረገጠ» አሉ እማ ወርቄ።

አሚኑ ጣሪያውን ሞላው። ማርያም በሽልም ታውጣሽ፣ አላህ በሰላም ይገላግልሽ፣ ያሳድግልሽ፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ እያሉ ሁሉም በየተራ እየመጡ ግንባሯን ቅቤ ቀቧት። የኔአለም የመጀመሪያውን ማንኪያ በእጇ አጎረሰቻትና አለቀሰች። ፈውዚያ ተራዋ ሲደርስ ጠጋ ብላ በጆሮዋ፣ «አንቺስ ተሰማሽ?» አለቻት።

ሰብሌ ምንም አልተሰማትም። ግን ግማሽ መንደር ያዋለደ እጅ ከእሷ ሆድ ይልቅ ያውቅ ይሆናል። «አዎ» አለች።

አርብ ዕለት አልሄደችም። ረገጠ ተብሏላ። ቀኑን ሙሉ መዳፏን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ እማ ወርቄ ያገኙትን ፈለገች። ቅዳሜ ጠዋት ፈውዚያ እሳት ልትጭር መጥታ ፊቷን አየችና ምንም ሳትጠይቅ አለኸኝን ጠራችው፤ በቅሎዋን ጫን አለችው።

መካነ ሰላም ያገኘቻት አዋላጅ ነርስ ወጣት ልጅ ነበረች። የልጁን ልብ የሚያዳምጠውን መሣሪያ በሆዷ ላይ ወዲያ ወዲህ አደረገችው፤ የሚሰማው የመሣሪያው የሹ ሹ ድምፅ ብቻ ነው። ሌላ ሰው ጠራች፤ እሱም አዳመጠ። ከስንት ቀን ጀምሮ ነው አሏት። ማክሰኞ አለች። ለምን ያን ጊዜ አልመጣሽም ሲሏት ድግስ ነበረ ማለት አፈረች። በኋላ ነርሷ ብቻዋን ስትሆን ሰብሌ ጠየቀቻት።

«ሐሙስ ዕለት በሕይወት ነበር?»

«እህቴ፣ የሐሙሱን እኔ አላውቅም» አለች ልጅቱ። «የዛሬውን ነው የማውቀው።»

ወንድ ነበር። ክርስትና ላልተነሳ ልጅ ለቅሶ አይቀመጡም፤ አለኸኝ ከሁለት ሰዎች ጋር ወስዶ ቀበረው። ድንኳን አልተተከለም፤ ንፍሮ አልተቀቀለም። ጡቷ ወተት ሲያፈስ የኔአለም ሸማ ቀድዳ አሰረችላት፤ ስታስር ግን ዓይኗን አላየችም። ልጄም አላለቻትም።

ፈውዚያ በየቀኑ ባዶ እጇን እየመጣች አጠገቧ ትቀመጣለች፤ ዝም ትላለች። እሷ ዝም ስትል ያየ ሰው አልነበረም። ሌሎቹ የመጡት ዕቃቸውን ሊወስዱ ነው። በሐሙሱ የቀሩ ሳህኖችና ድስቶች በጓዳው ተደርድረዋል። ሴቶቹ አንድ በአንድ በሩ ላይ ይቆማሉ፤ እግዜር ይካስሽ ይላሉ፣ አላህ ምትኩን ይስጥሽ ይላሉ፤ ወደ ውስጥ ግን አይዘልቁም። ሰብሌ የእያንዳንዷን ዕቃ አጥባ ትሰጣለች። እንዲህ አርባው ሴት ሁሉ ጠየቃት።

እማ ወርቄ የመጡት ከሁሉም በኋላ፣ በሦስተኛው ሳምንት ነው። የካሳ ሚስት ስምንተኛ ወሯን ይዛለች፤ ሐሙስ ምርቃቷ ስለሆነ ገበታው ይፈለጋል። እንደሌሎቹ በር ላይ አልቆሙም፤ ገብተው መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

ሰብሌ ገበታውን ከጓዳ አወጣችው። እሱን ብቻ አላጠበችውም ነበር። ገንፎው ዳርና ዳሩ ላይ ደርቋል፤ ቅቤው ረግቶ ሻጋታ አብቅሏል። ፊታቸው አስቀመጠችው።

«ረግጦዎት ነበር?» አለች።

አሮጊቷ ገበታውን አዩት። በጥፍራቸው ዳሩን ፋቅ ፋቅ አደረጉት።

«አልረገጠኝም።»

«ታዲያ ለምን አሉ?»

«አየሁሽ። ስድስት ዓመት እዚያ በር ላይ ስትቀመጪ አይቼሻለሁ። የመጣብሽ መምጣቱ ካልቀረ፣ አንድ ቀን እንኳ ትከበር አልኩ። ነገ ራሷ ታውቀዋለች፣ ሐኪም ቤት ትሄዳለች ብዬ…» ጣታቸውን ከገበታው አነሱ። «ሕፃኑ ሄዶ ነበር ልጄ፤ እጄ ያውቃል። ቀድሞ ሄዶ ነበር።»

«እጅዎ ያኔም ያውቅ ነበር» አለች ሰብሌ። «እኔ ሆዴን ትቼ እሱን አመንኩ።»

እማ ወርቄ ተነስተው ገበታውን እንደቆሸሸ በብብታቸው ያዙት። ከደጅ የኔአለም ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ ለካሳ ቤት ውሃ የምትቀዳ ሴት እንደሚያስፈልግ ለሆነ ሰው ስትናገር ይሰማል። አሮጊቷ በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ።

«ሐሙስ ባትመጪም የሚቀየምሽ የለም» አሉ።

«እመጣለሁ» አለች ሰብሌ። «በሩ አጠገብ ነው የምቀመጠው። ከዚያ እጅዎ በደንብ ይታያል።»