የጎደለው ሰባተኛ ገጽ

"እትዬ፣ የእኔ ከስድስት ወደ ስምንት ይዘላል።"

በሩ ላይ የቆመው ሹፌር የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠናውን ጽሑፍ ገልጦ አሳያት። የማባዣ ክፍሏ ሠራተኛ መነጽሯን አድርጋ አየችው። እውነትም ስለ ቃጠሎ የሚያወራው ሰባተኛው ገጽ የለም። ክው አለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ገጽ ስትደረድር እንዲህ ያለ ጉድ ገጥሟት አያውቅም። ትናንት ጆሮዋ የልጇን ስልክ ሲጠብቅ ነው የዋለው፤ ልጁ ግን አልደወለም። አርባውም ጽሑፍ ጎደሎውን ወጥቷል።

ገጹን እስክታባዛለት ወንበር ሰጠችው። እሱም ስለ ወገቡ ሕመም፣ ስለ ሚስቱ ኩርፊያ አወጋት።

"ቀለል አለኝ" አለ ሲነሣ። "የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው መቼስ።"

ከእሱ በኋላ አንዲት መምህርት መጣች፤ ከዚያ ሁለት ጥበቃዎች፤ እስከ ምሳ ዘጠኝ ሰው ወረደ። እዚያ ምድር ቤት በወር እንኳ ዘጠኝ ሰው ወርዶ አያውቅም። ተላላኪው በር ላይ ያስቀመጠችውን ካርቶን አንሥቶ ይሄዳል፣ እሷ ከማሽኑ ጋር ተፋጣ ትውላለች፣ ቤቷ ስትገባም ከግድግዳው ጋር ነው። ዛሬ ደስ አላት። በገዛ ጥፋቷ መደሰቷ ደግሞ አሳፈራት።

ከሰዓት በኋላ የሥልጠናው አስተባባሪ ደወለች።

"እትዬ፣ የቀረውን ገጽ አንድ ላይ ይላኩልኝ፤ አዳራሹ ውስጥ አድላለሁ።"

"እኔ ጋ ቢመጡስ ምን ይቸግረኛል?"

"ኧረ ለምን ይድከሙ። ከእንግዲህ ማንም አያስቸግርዎትም።"

ደግ ልጅ ናት። ያም ሆኖ ስልኩን ስትዘጋ ሆድ ባሳት። ለቀሩት ሠላሳ አንድ ሰዎች ገጹን አባዝታ ላከች፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ታች የወረደ የለም።

በማግስቱ ለሚቀጥለው ሥልጠና ሌላ አርባ ጽሑፍ አዘጋጀች። አንድ በአንድ ቆጠረች፤ ደግማም ቆጠረች። ሁሉም ሙሉ ነው። ካርቶኑን ልታሽግ ፕላስተሩን ከሳበች በኋላ እጇ ቆመ። ከሁሉም ላይ አንድ አንድ ገጽ ማንሣት አሰኛትና ነውር ሆነባት። የቃጠሎውንማ በጭራሽ አትነካውም፤ ሰው ይጎዳል። ከመሃል አንዱን ጽሑፍ ብቻ ሳበች፣ የስቴፕሉን ሽቦ ነቀለች፣ የአሠልጣኞቹ ስም ዝርዝር ያለበትን ገጽ አወጣች፣ መልሳ ስቴፕል አደረገችው።

አንድ ሰው ይበቃታል።