አሮጌው ኮምፒውተር ይለወጣል ብለን የገዛነው አክሲዮን

ሚስቴ ባኦ-ዡ የጡረታችንን ገንዘብ የላፕቶፕ ክዳን ማጠፊያ የሚሠራ ፋብሪካ አክሲዮን ላይ ያፈሰሰችው እኔን ሳታማክር ነው። የምንኖረው አሳንሰር በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ጉልበቴ ከከዳኝ ሰነበተ። ምድር ላይ ያለች ቤት እንገዛለን ያልነው በዚያው ገንዘብ ነበር።

ምክንያቷ አጭር ነው። በዓለም ዙሪያ የየቢሮው ኮምፒውተር አርጅቷል፤ አሮጌው ፕሮግራም እድሳት ሊቋረጥበት ነው፤ ስለዚህ ሁሉም ይለውጣል። በከተማችን በታኦዩዋን የአክሲዮን አዳራሽ ተቀምጠው የዋጋ ሰሌዳው ላይ የሚያፈጡት ጡረተኞች ሁሉ የሚያወሩት ይህንኑ ነው። ከእነሱ አንዳቸውም አዲስ ኮምፒውተር አልገዙም፤ ይህን ስናገር ሟርተኛ ይሉኛል። ዋናዋ ጂን-ሉዋን ናት፤ ባኦ-ዡን እንደ ታናሽ እህቷ ይዛ የአክሲዮን ሀሁ ያስቆጠረቻት እሷ ናት። ዋጋው ወጣ፤ ሰሌዳው ቀላ። እኛ ዘንድ ቀይ ደስታ ነው፣ አረንጓዴ ለቅሶ።

"አሁን ሽጪው" አልኳት ሚስቴን።

"አንተ ደግሞ! ገና መች ለወጡና?"

እሑድ ልጃችን ፔይ-ሮንግ ለእራት መጣች። የአንድ መድን ድርጅት የግዢ ኃላፊ ናት። እናቷ ዓሣ እያወጣችላት፣ "እናንተስ ኮምፒውተሩን መቼ ነው የምትለውጡት?" አለቻት።

"ምን በወጣን! አዲስ ከረጢት ገዝተንላቸዋል እኮ።"

ከረጢት ያለችው በአረንጓዴ ከረጢት የሚሸጠውን የበቆሎ መክሰስ ነው፤ ለማሽን አረንጓዴ መብራት 'ደህና ነኝ' ማለት ነውና። ማሽን እንዳያምፅ አንድ ከረጢት አናቱ ላይ ይቀመጥለታል፤ ጊዜው ሳያልፍ በአዲስ ይተካል። መሐንዲሱም ሐኪሙም ያደርገዋል፤ የሚስቅ የለም።

"እኔ የምጠይቅሽ ስለ ኮምፒውተሩ ነው!"

"ይሠራል እማዬ። አለቃዬ 'ካልሞተ አይቀበርም' ብሏል። በጓደኞቼም ቢሮ ያው ነው።"

ባኦ-ዡ ከዚያ በኋላ እህል አልቀመሰችም።

ሰኞ አዳራሹ እንደተከፈተ ሁሉንም ሸጠች። አጠገቧ ለተቀመጠችው ለጂን-ሉዋን ትንፍሽ አላለችም። አብሬያት የነበርኩት እኔም ልናገር አልኩና አራት ፎቅ የምወጣው ደረጃ ትዝ ብሎኝ ተውኩት። ደስ ብሎኝ ነበር፤ አፍሬም ነበር። ጥቂት ቆይቶ ዋጋው ወረደ።

የጂን-ሉዋን ፊት በራ።

"አየሽ እህቴ፣ ረከሰልን! የልጄን የሠርግ ገንዘብ ጨመርኩበት። አንቺም ግዢ እንጂ፣ ምን ያስፈራሻል?"

"እሺ፣ እትዬ" አለች ሚስቴ።