የጥየቃ ብርቱካን

ብቻ ደህና ሆና ባገኛት፣ በሩን ራሷ ብትከፍትልኝ፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ማስቲካ እያኘከች፣ ውይ እትዬ ሐመልማል ብላ ክው ብትልልኝ፣ እፎይ ነበር የምለው፣ ትላለች ሐመልማል በሆዷ፣ የብርቱካኑን ፌስታል ከቀኝ ወደ ግራ እጇ እያዛወረች፣ በመርካቶ ሰባተኛ ሰፈር ግርግር መሐል እየተጋፋች። የታመመ ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው እንዲህ ይመኛል? ደህና ሆና ላግኛት ማለትማ ደግ ምኞት ነው፣ ማንም ይመኘዋል፣ እሷ ግን የምትመኘው ለልጅቷ ብላ አይደለም፣ ለራሷ ነው፣ ልጅቷ ውሸታም ሆና እንድትገኝላት ነው። ብርቱካን ይዞ ስለላ። በዚህ ዕድሜ። ፍራሽ የተሸከመ ሰውዬ ዞር በሉ እናቴ ይላታል፣ ዞር ትላለች፣ ፌስታሉ ጉልበቷን ይመታታል፣ ይምታኝ፣ ይበለኝ።

ጠዋት እኮ ነው፣ ሱቁ ገና ሳይሟሟቅ፣ መልእክቱ የገባው። በሕመም ምክንያት የዛሬው ቃለ መጠይቅ ወደ ሐሙስ እንዲዛወርልኝ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ፣ ፋኢዛ። በታላቅ አክብሮት። መጋረጃ ሱቅ ነው እኮ የእኛ፣ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት አይደለም፣ አንድ ሻጭ ነው የምንፈልገው፣ ብላ ስልኩን ለወንድሟ ለይገረም አቀበለችው፣ ይገረም ከጨርቅ ጣቃዎቹ ጀርባ ሆኖ ሳቀ። ገና ሳትቀጠር የታመመች ተቀጥራማ ምን ልትሆን ነው፣ ሌላ ቦታ ኢንተርቪው አላት፣ እዚያ ካልተሳካላት ሐሙስ አንቺ ጋ ትመጣለች፣ ሸውዳሻለች እህቴ፣ ብትጠይቂያት ደግሞ ታይፎይድ ነው ትልሻለች፣ መርካቶ ውስጥ ከሥራ የቀረ ሁሉ ታይፎይድ ይዞት ነው፣ ታይፎይድ ባይኖር ምን ይውጣቸው ነበር። እሷም ሳቀች። አብራው ሳቀች፣ እንባዋ እስኪመጣ።

ከዚያ ሜሪ መጣች፣ ለሥራው ከጠሯቸው ሁለት ልጆች አንዷ፣ በሰዓቷ ከች አለች፣ አፍንጫዋን በሶፍት እየጠረገች፣ በየጥያቄው መሐል እየሳለች፣ ይቅርታ፣ ጉንፋን ይዞኝ ነው፣ ግን መቅረት አልፈለግኩም። ይገረም ሐመልማልን በዓይኑ ጠቀሳት፣ አየሽ፣ ሥራ የፈለገ ሰው እንዲህ ነው፣ ታሞም ይመጣል። ደንበኛ ጨርቁን ካስቆረጠ በኋላ አልፈልግም ቢልሽ ምን ታደርጊያለሽ ብሎ ሜሪን ጠየቃት፣ የተቆረጠ አይመለስም እለዋለሁ አለች፣ ይገረም ደስ አለው፣ በቃ ነገ ጀምሪ፣ ሐመልማልም አዎ ነገ ጀምሪ አለች፣ ማንም አላስገደዳትም፣ ሱቁ የሷ፣ አፉም የሷ። ለፋኢዛ ግን ምንም አልመለሰችላትም። እሺም አላለቻት፣ እምቢም አላለቻት። ምሳዋ ቀርቦ ሳትነካው የገፋችው ለዚህ ነው። የዋሸችኝ ከሆነ ደግ አደረግሁ፣ ያልዋሸችኝ ከሆነስ? ይህችን አንዲት ነገር አጣርቼ ልምጣ ብላ ተነሳች፣ ለይገረም ባንክ ደርሼ ልምጣ አለችው፣ ፍራፍሬ ሻጩን ጥሩ ጥሩውን ምረጥልኝ፣ ለበሽተኛ ነው አለችው፣ ለበሽተኛ ነው ስትል ምላሷ እንኳ አልተደናቀፈም።

ደግሞስ ማጣራት ምን ነውር አለው፣ ሠራተኛ ሲቀር እኔ ነኝ ቀኑን ሙሉ የምቆመው፣ እኔ ነኝ መሰላል ላይ ወጥቼ ጣቃ የማወርደው፣ ቀጣሪ ሁሉ እንዲህ ነው፣ አሞኛል ሲሉት መጀመሪያ የሚያስበው ምን ሌላ ሥራ አገኘሽ ነው እንጂ ምን ሆንሽ አይደለም። እሷን ባለፈው ክረምት ኩላሊቷን ሲያማት ማን ጠረጠራት? ማንም። ሱቋን ዘግታ ተኛች፣ የመደዳው ነጋዴ ሁሉ ሙዙን፣ ጭማቂውን ይዞ እየመጣ እግዜር ይማርሽ አላት፣ አንድም ሰው እውነት ያማታል ወይ ብሎ አልተመለከታትም። ባለሱቅ ሲታመም ታመመ ነው። ሥራ ፈላጊ ሲታመም፣ እንጃ። ምን እንደሚባል ጠዋት ስትስቅ ሰምታዋለች።

ቤታችን ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው ብላት ነበር ፋኢዛ፣ ሥራውን ልትጠይቅ የመጣች ዕለት። ወፍጮ ቤቱ ይኸው፣ የበርበሬው ሽታ አፍንጫዋን ይኮረኩራታል፣ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር፣ ደጁ ላይ የሴት ጫማ፣ ጭቃ የነካው፣ ጭቃው ያልደረቀ። አሃ! ወጥታ ነበር፣ ዛሬ ወጥታለች፣ ይገረም እውነቱን ነው፣ ደስታ ደረቷን ሞቅ አደረጋት፣ እንዲህ ያለ ደስታ ምን ይባላል፣ አንኳኳች፣ ጠንከር አድርጋ።

ማን ልበል፣ ይላል የሴት ድምፅ፣ እናትየዋ ናት፣ ሐጀራ፣ ሻሿን እያስተካከለች ትወጣለች። ሐመልማል ነኝ፣ ከመጋረጃ ሱቁ፣ ፋኢዛ አሞኛል ብላኝ፣ እስቲ ልያት ብዬ። ሴትዮዋ እጇን አፏ ላይ ትጭናለች፣ ያ አላህ፣ እርስዎ ኖት፣ ራስዎ መጡ፣ ይግቡ፣ ይግቡ የኔ እህት፣ ጫማውን ላንሳልዎት፣ ከጤና ጣቢያ አሁን መግባታችን ነው፣ በቁሟ ልትወድቅብኝ ነበር፣ ደግፌ ነው ያመጣኋት፣ ይቅርታ፣ ቤቱም አልተስተካከለም። ከጤና ጣቢያ። ሐመልማል ጭቃውን አልፋ ትገባለች፣ ደረቷ ላይ ሞቅ ያለው ነገር ወዴት እንደሄደ አላየችውም።

ፋኢዛ አልጋ ላይ ናት፣ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ የእጇ ጀርባ ላይ ፕላስተር፣ መስኮቱ ላይ የመድኃኒት ካርቶን። ሐመልማል ሁሉንም ታያለች፣ ዓይኗ ቤቱን ይበረብራል፣ የተኳለ ዓይን ፈልጎ፣ የተጣለ ቦርሳ ፈልጎ፣ አንድ ነገር፣ የሆነ ነገር፣ የለም። እግዜር ይማርሽ የኔ ልጅ ትላለች፣ እጇን ግንባሯ ላይ ታሳርፋለች፣ ጠያቂ ሁሉ እንደሚያደርገው፣ ግን እጇ የሄደው ለማዘን አይደለም፣ ለማጣራት ነው፣ ግንባሯ ይፋጃል። ይፋጃል። እጇን መመለስ አቃታት፣ ልጅቷ ደግሞ ዓይኗን ጨፍና ግንባሯን ለእጇ ሰጠች፣ ደስ ብሏት፣ የሰው እጅ ስላረፈባት።

ታይፎይድ ነው አሉን፣ ትላለች ሐጀራ። እንዴ፣ ጠዋት ያሳቀን ምኑ ነበር።

ልንገርዎት፣ ትላለች ሐጀራ ብርቱካኑን በሁለት እጇ እየተቀበለች፣ ጠዋት ልብሷን ለብሳ፣ ልትመጣ ነበር እኮ፣ እኔ ነኝ በሩን የዘጋሁባት፣ እማዬ ውሸቴን ይመስላቸዋል፣ ሥራው ያመልጠኛል ብላ አለቀሰች፣ እኔ ምን አልኳት፣ ንገሪያቸው ፋኢዛ፣ ሰው ናቸው፣ ይገባቸዋል አላልኩሽም? አሁን አየሽ? መልስ አልሰጡኝም ስትለኝ ውላ፣ ይኸው፣ መልሱ በእግሩ መጣ። ሐመልማል ፈገግ ትላለች። ፈገግታው ፊቷ ላይ እንደ ጠበበ ጫማ ይይዛታል። ተናገሪ፣ አሁን ተናገሪ፣ ቦታው ተይዟል በያት፣ እንዴት ብዬ፣ በበሽተኛ አልጋ ላይ ተቀምጬ፣ የሞቀ ሻይ ጨብጬ፣ ሻዩን መቼ ሰጠችኝ፣ ስኳሩ በዝቷል፣ ለክቡር እንግዳ ነው እንዲህ የሚበዛው።

ፋኢዛ ከአልጋው ልትወርድ ትሞክራለች፣ እማዬ ኮቴን አምጪልኝ። ምስማር ላይ የተሰቀለ ጥቁር ኮት፣ የተተኮሰ፣ ለዛሬ የተተኮሰ፣ በሌሊት ልብሷ ላይ ትደርበዋለች፣ ቁልፉን አሳስታ ትቆልፋለች፣ እንደገና ትፈታለች፣ እትዬ፣ ከመጡ አይቀር ይጠይቁኝ፣ ዛሬም መሆን ይችላል፣ ጭንቅላቴ ደህና ነው። ተይ ተኚ የኔ ልጅ። አይ፣ ይጠይቁኝ። ሐጀራ ቀስ ብላ ወንበር ላይ ትቀመጣለች፣ ልጇ ፈተና ላይ የተቀመጠች ያህል ትንፋሿን ይዛ። አሁን ምን ይደረጋል? ምን ይባላል? ሐመልማል ጉሮሮዋን ትጠርጋለች፣ ደንበኛ ጨርቁን ካስቆረጠ በኋላ አልፈልግም ቢልሽ ምን ታደርጊያለሽ? ሌላ ጥያቄ አልመጣላትም።

ፋኢዛ ከንፈሯን ታርሳለች። መጀመሪያ ይቀመጡ እለዋለሁ፣ ውሃ እሰጠዋለሁ። ብዙ ጊዜ ጨርቁን ጠልቶ አይመስለኝም እትዬ፣ ቤት ያለው ሰው ምን ይለኝ ይሆን ብሎ ፈርቶ ነው፣ እማዬም እንደዚያ ናት፣ ገዝታ መንገድ ላይ ትጸጸታለች። ይደውሉና በስልክ ያሳዩአቸው፣ አብረን እናሳያቸው እለዋለሁ። እምቢ ካሉስ? እምቢ ካሉማ ለእርስዎ እነግርዎታለሁ፣ ጨርቁ የእርስዎ ስለሆነ፣ ግን የመጣውን ሰው አላሳፍረውም፣ ያፈረ ሰው ተመልሶ አይመጣም።

ስንት ዓመት ሙሉ ነው ሐመልማል ይህን ለይገረም ልታስረዳው ፈልጋ ቃል ያጣችለት፣ ስንት ደንበኛ ነው እያፈረ ከዚያ ሱቅ ወጥቶ የቀረው። ይህቺ ልጅ ናት። ይህቺ ነበረች። ሁለቱንም ልቅጠር? ሱቁ ሁለት ሰው አይችልም፣ እንኳን ሁለት፣ ይገረም አንዷንም የፈቀደው ስንት ቀን ለምኜው ነው። ጎበዝ፣ ትላለች፣ ጎበዝ የኔ ልጅ፣ ይህ ግን ጥየቃ ነው፣ ሐሙስ ነይና በደንብ እናወራለን። ሐሙስ ነይ! ማን ነው የተናገረው? ፋኢዛ በኮቷ እንደሆነች ትራሱ ላይ ትወድቃለች፣ ስትስቅ ጥርሷ ይንቀጠቀጣል፣ አልሃምዱሊላህ፣ ሐሙስ ብሞትም እመጣለሁ።

ሐጀራ እስከ በሩ ትሸኛታለች፣ ሁለት እጇን ትይዛለች፣ አላህ ያክብርሽ የኔ እህት፣ አንቺ ብዬሻለሁ ይቅርታ፣ ከዛሬ ጀምሮ እህቴ ነሽ፣ ከልጆችሽ ክፉ አያሳይሽ፣ እጅሽ የነካው ይባረክ። አሜን ትላለች ሐመልማል። ምን ብላ አሜን አትልም። ምርቃት ሲሰጡህ አይገባኝም ተብሎ አይመለስ፣ በባዶ እጇ ወደ ሰባተኛ ትመለሳለች፣ ከብርቱካኑ ይልቅ ባዶው እጇ ይከብዳታል።

ስልኳ ይጮኻል፣ ይገረም ነው፣ የት አባሽ ጠፋሽ፣ ሜሪ ዋሷን ይዛ መጥታ ፈርመን ጨረስን፣ ጀግና ናት ባክሽ፣ ነገ በጠዋት ትገባለች። እሺ። ምን ሆንሽ፣ ድምፅሽ። ምንም። ትዘጋዋለች። ሐሙስስ? ሐሙስ ያቺ ልጅ ኮቷን ለብሳ፣ ምናልባት እናቷን ተደግፋ ትመጣለች፣ ሜሪ ባንኮኒው ጋ ቆማ ምን ልታዘዝ ትላታለች። አይሆንም። ከሐሙስ በፊት አንድ ነገር፣ ትንሽ ጊዜ ብቻ፣ እስኪሻላት፣ ሲሻላት በደህና ቀን ቁጭ አድርጌ እነግራታለሁ፣ ለበሽተኛ መርዶ አይነገርም፣ ለሷው ብዬ ነው። ከአንድ ጫማ መሸጫ ደጃፍ ጥግ ይዛ ትቆማለች፣ ስልኳን ትከፍታለች፣ እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይጻፋል፣ እሷ እንደ ልጆቹ አትችልም፣ የጠዋቱን የፋኢዛን መልእክት አገኘችው፣ ይኸው የተዘጋጀ፣ ቀድታ ቀኑን ብቻ ትቀይራለች። በሕመም ምክንያት የሐሙሱ ቃለ መጠይቅ ለሌላ ጊዜ እንዲዛወርልኝ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ፣ ሐመልማል። ላከችው። ከላከችው በኋላ ነው ያነበበችው።

መልሱ ወዲያው ይመጣል፣ ልጅቷ ስልኳን ደረቷ ላይ አድርጋ ነው የተኛችው ማለት ነው። ወይኔ እትዬ፣ ከእኔ ተጋብቶብዎት እንዳይሆን፣ በእኔ ምክንያት ነው፣ መምጣት አልነበረብዎትም። አላህ ያሽርዎት። እማዬ ነገ በጠዋት ሱቅ መጥታ ቤትዎን ጠይቃ ልታይዎት ትመጣለች፣ እምቢ እንዳይሉ፣ ብርቱካንም ስለማይጠፋ ሌላ ምን ይወዳሉ?

ምን ይወዳሉ። ጥርጣሬ አይደለም፣ አንዲት ቅንጣት የለበትም፣ መልእክቱን ከላይ እስከ ታች ብትበረብረው የለም። ነገ በጠዋት ሱቅ። ሜሪ ባንኮኒው ጋ። ሐጀራ ፌስታሏን ይዛ፣ ሐመልማል ታማለች አሉ፣ ቤቷ በየት በኩል ነው። ይገረምስ ምን ይላል፣ ማን ታመመ፣ ይኸው ቆማ የለም እንዴ። ወይስ ልተኛ? የእውነት አልጋ ላይ ልተኛላት፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልዬ፣ ያቺ ሴት መጥታ ግንባሬን ትንካ፣ አትነካም፣ እሷ የምትነካው ለማዘን ነው፣ ብትነካስ፣ ቀዝቃዛ ግንባር ብታገኝ እንኳን ተሻላት ብላ ነው ደስ የሚላት።

ስልኩ በእጇ ውስጥ ይጮኻል። ፋኢዛ። እነግራታለሁ፣ አሁን፣ እዚሁ ቆሜ፣ ልጄ አላመመኝም፣ ቦታውም የለም፣ ስትታመሚ ስቄብሻለሁ፣ ላጣራ ነው የመጣሁት፣ በቃ፣ ከምንም ይሻላል፣ ታነሳዋለች፣ አፏን ትከፍታለች፣ ሳል ይቀድማታል። የሜሪ ጉንፋን ይሁን፣ የወፍጮ ቤቱ በርበሬ ይሁን፣ የራሷ ውሸት ይሁን አላወቀችም፣ ብቻ ትስላለች፣ ማቆም አቃታት፣ መስመሩ ላይ ያለችው ፋኢዛ አይደለችም፣ ሐጀራ ናት፣ አብሽሪ የኔ እህት፣ አብሽሪ፣ አትናገሪ፣ እየሰማሁሽ ነው፣ ነገ መጥቼ አይሻለሁ፣ እሺ?

እሺ፣ ትላለች ሐመልማል።