ራሙን ማን በላው?

ሰው የገዛ ራሱን ማስጠንቀቂያ ሲጽፍ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ገበያነሽ ጻፈች። መናኸሪያ ባለው የአውቶቡስ ባለንብረቶች ማኅበር ቢሮ ጸሐፊዋ እሷ ብቻ ናት፤ ስለዚህ ሥራ አስኪያጁ ጌታቸው ከጀርባዋ ተገትሮ ይናገራል፣ እሷ ትጽፋለች። ሦስተኛው ማስጠንቀቂያ ነው። ከዚህ ወዲያ ስንብት ነው።

«"በሥራዋ ቀርፋፋ በመሆኗ" በይ።»

መባረሩስ ይሁን። ቀርፋፋ ተብላ የተባረረችን ጸሐፊ ግን በሐዋሳ ማን ይቀጥራታል? ዘጠኝ ዓመት ፊደሉን ሳታይ የጻፈች ሴት ናት! የተጎተተው ኮምፒውተሩ ነው፣ ያውም ከመስከረም ወዲህ። ለጥገና ባለሙያው ለሮቢ ብትነግረው ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «እኔ ምን ላድርግ» ብሎ ሄደ።

አሁንም «ቀርፋፋ» ላይ ስትደርስ ስክሪኑ ቀጥ አለ።

«ይኸው!» አለ ጌታቸው፣ የሒሳብ ሠራተኛዋ አልማዝ እንድትሰማለት ጮክ ብሎ። «እጅሽን ምን ያዘው? ኤሊ እንኳ እስካሁን ሐይቁን ዞራ ትመጣ ነበር።»

ገበያነሽ ደሟ ፈላ። የኮምፒውተሩ ማኅደረ ትውስታ፣ የራሙ፣ አጠቃቀም የሚታይበትን ገጽ ከፈተች። ካለው ስምንት ጊጋ ሰባት ተኩሉ ተይዟል። ደብዳቤ መጻፊያው የያዘው ከቁጥር አይገባም። አምስቱን ጊጋ ብቻውን የዋጠው፣ እሷ ከፍታው የማታውቅ ፕሮግራም ነው፤ መግለጫው እንደሚለው የሠራተኛን ስክሪን በየሰከንዱ ፎቶ እያነሳ ለአለቃ የሚልክ።

«ማን ክፈቺ አለሽ?»

«በሮቢ ያስጫኑት እርስዎ ነዎት?»

«ማሽኑ የኔ ነው! የፈለግኩትን አስጭናለሁ!»

ገበያነሽ ፕሮግራሙን ዘጋችው። ስክሪኑ ወዲያው ተፈታ።

ጌታቸው ፊቱ ቲማቲም መሰለ። «ቀርፋፋ የሚለውን አጥፊው። "ፕሮግራም ያለፈቃድ በመዝጋቷ" ብለሽ ጻፊ።»

ቃሉ ከአፉ ሳይወጣ ጽፋ ጠበቀችው። አፍራም፣ ፈርታም አልነበረም፤ ጠልታው ነበር።

«የቱን ፕሮግራም?» አለችው። «ጥፋቱ ተለይቶ ካልተጻፈ ማስጠንቀቂያው አይጸናም። ስሙንና ሥራውን ይንገሩኝ፣ እጽፈዋለሁ። ከዚያ ይፈርሙበታል።»

ጌታቸው ከጀርባዋ ወደ በሩ አፈገፈገ።

«ገበያነሽ» አለች አልማዝ ከወዲያ፣ ወንበሯን ከኮምፒውተሯ ፈቀቅ እያደረገች። «እስኪ ነይ፣ የኔንም እዪልኝ።»