ቅጠል ያወጣው የቅልጥም ጉንጉን

በአብሮ አደጌ በቪዞኮ ቅልጥሞች ላይ የጎነጎንኩት ሐረግ ሰኞ ጠዋት ቅጠል አወጣ። ማክሰኞ ሥር ሰዶ ከወለሉ ጣውላ ጋር ተያያዘ።

በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ ተራሮች የምንኖር እኛ ናጋዎች ለበዓል የምናደርገው የቅልጥም ጉንጉን እንደ ካልሲ የሚጠለቅ አይደለም። ራታን የሚባለው እሾሃማ የጫካ ሐረግ ተልጦ፣ ተሰንጥቆ፣ ቀይ ቀለም ውስጥ ተነክሮ እዚያው ሰውየው እግር ላይ ይጎነጎናል። ድሮ ከጦር ይከላከል ነበር፤ ዛሬ የሚያነጣጥርበት ፎቶ አንሺ ብቻ ነው። የሚፈታውም የጎነጎነው ሰው ነው፤ ሌላ አይነካውም። የመጨረሻው ቋጠሮ ከመጥበቁ በፊት ባለእግሩ «በልብህ ምን አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ጎንጓኙ ቅሬታ ካለው ያን ጊዜ ይናገራል።

ቪዞኮ ጠይቆኛል። «ምንም» ብዬ አጠበቅኩት።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ስለነዚህ ጉንጉኖች የጻፍኩትን ጥናት ቪዞኮ በስሙ መጽሐፍ አድርጎ አሳትሞ የሙዚየም ኃላፊ ሆኗል። እኔ በዲግሪዬ ድንች እሸጣለሁ።

ረቡዕ ሚስቱ ኔይኑ አስጠራችኝ። ቪዞኮ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። ሐረጉ ጉልበቱን አልፏል።

«ኬዱኦ ወንድሜ፣ መጽሐፉ ስለዚህ ነገር ምን ይላል?» አለኝ።

«ደራሲው አንተ አይደለህ እንዴ?»

ሳቀ። ሐረጉ ጠበቅ ሲል ሳቁ ተቋረጠ።

«እናንተ ደግሞ ትቀልዳላችሁ!» አለች ኔይኑ። «ደረቱ ላይ ከደረሰ ይሞትብኛል። ፍታው!»

ቢላዬን አወጣሁ። የቆረጥኩት ሁሉ ቢላው እንዳለፈ ተመልሶ ይገጥማል። የእግሩ ጣቶች በቅጠሉ መሃል ነጭ ሆነዋል። ልጆች ሳለን ወንዙ ሲሞላ እኔን አዝሎ የተሻገረው በነዚህ እግሮች ነበር። ቢላዬን ዝቅ አደረግኩ።

ቪዞኮ ሻዩን አስቀመጠ።

«እስቲ እንደገና ልጠይቅህ» አለ። «በልብህ ምን አለ?»

ቃሉ ጥርሴ ድረስ መጥቶ ነበር። ግን ከተናገርኩት ሐረጉ ይፈታል፣ ቂሜም ያልቃል፤ ከዲግሪዬ ሌላ ያለኝ እሱ ብቻ ነው።

«ምንም» አልኩ።

ሐረጉ ወደ ደረቱ ወጣ።

የኔይኑ ጩኸት እስከ ቤቴ ተከተለኝ። ቢላዬ ላይ ደም አልነበረም፤ ቢሆንም መንገዱን ሙሉ ልብሴ ላይ ስጠርገው ነበር።

በሬን ስከፍት ከወለሉ ስንጥቅ ሁለት ቀይ ሐረጎች ወጥተው ቆመዋል። ተቀመጥኩና እግሬን ዘረጋሁ። ከቁርጭምጭሚቴ ጀምረው ጎነጎኑ። ሥራው ንጹሕ ነው፤ አጠባበቁ የእኔው ነው። የመጨረሻው ቋጠሮ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። አሁን ባለእግሩ እኔ ነኝ።

«በልብህ ምን አለ?» ስል ጠየቅኩ።

ከወለሉ ሥር የቪዞኮ ድምፅ ረጋ ብሎ «ምንም» አለ። ቋጠሮው ጠበቀ።